ሥራ ያጣ ተከራይ በአዋጁ ውስጥ የለም

ሸጎሌ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል። ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? ሥራህ የት ነው? ሦስተኛውን መመለስ ያልቻለ ቤቱን ገብቶ አያየውም። ከገባ በኋላ ሥራ ያጣ ደግሞ ጥያቄው በሌላ መልክ ይመጣበታል። መጀመሪያ የጠዋት ሰላምታ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ በውሃና በመብራት ሒሳብ ጭቅጭቅ ይነሳል። ከዚያ «ልጄ ከዐረብ አገር ልትመጣ ነው፣ ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ» ይባላል። ልጅቷ አትመጣም። የሚመጣው ሌላ ተከራይ ነው፣ በተሻለ ዋጋ።

አከራይዋን መውቀስ ቀላል ነው። ግን በጉለሌ ብዙው አከራይ ባለ ፎቅ አይደለም። በግቢዋ ሁለት ሰርቪስ ቤት ያላት፣ የጡረታ ገንዘቧ ጤፍ የማይገዛላት እናት ናት። የኪራዩ ብር ለእሷ የወር አስቤዛ ነው። ሦስት ወር ያልከፈለን ሰው ትሸከም ማለት የመንግሥትን ዕዳ በአንዲት ባልቴት ትከሻ ላይ መጫን ነው። ችግሩ የሁለቱ ጠብ አይደለም። በሁለቱ መካከል መቆም የነበረበት ሦስተኛ ወገን ስለሌለ ነው።

መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ሲያጸድቅ ተከራይ ተስፋ አድርጎ ነበር። ክፉ አዋጅ አይደለም። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ አለ። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም አዘዘ።

ይህ ሁሉ የሚጠብቀው ግን የሚከፍለውን ሰው ነው። ደመወዙ የቆመበት ተከራይ ኪራዩን ባሳለፈ ጊዜ የሁለት ዓመቱ ዋስትና አብሮት ያልፋል። አዋጁ ስለ ዋጋ መናር አሰበ፣ ስለ ገቢ መቋረጥ አላሰበም።

«ሰነፍ ነው፣ ይሥራ» የሚሉ አሉ። ታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ዕድል ስታስወጣ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ከሥራ የወጡት ሰንፈው ነበር? ጥር 2017 ዋሽንግተን የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ባሕር ማዶ በተፈረመ ወረቀት ነው ሥራቸው የሄደው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ሥራ ላይ ያለውም ቢሆን ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ተመናምኗል።

ሌላው መልስ «አገሪቱ ድሃ ናት፣ የቤት ድጎማ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፣ ምክንያቱም በአዲስ አበባ የቤት ድጎማ አለ። የቆየም ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ወርሶ አነስተኛ ኪራዮችን እስከ ግማሽ ድረስ ቀነሰ። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ ተሰጡ። በዚህ መንገድ የመጣው የቀበሌ ቤት ዛሬም ኪራዩ ከገበያው ጋር አይወዳደርም፣ የያዘው ሰው ሥራ ቢያጣ እንኳ ጎዳና አይወጣም። መልካም ነው። ግን ይህ ድጎማ የተከፋፈለው በችግር መጠን ሳይሆን ያኔ ማን የት ተቀምጦ ነበር በሚል ነው። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ቤቶችም ለባለሥልጣናት መኖሪያ ሆነው ኖረዋል፤ ማለትም ለባለ ደመወዝ። ለድሃው ተብሎ የተከፈተው የ10/90 ኮንዶሚኒየም ደግሞ በየወሩ 187 ብር ቆጥብ ይል ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ግን ገቢ የሌለው ሰው አይቆጥብም። ድጎማው አለ፣ ሥራ ያጣው ተከራይ ብቻ ነው ደጅ የቀረው።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትስ? በ2009 በዓለም ባንክ የ300 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ በ11 ከተሞች ተጀምሮ ብዙ ሰው ረድቷል፣ መንገድ ጠርገው ችግኝ ተክለው የሚኖሩ እናቶች ምስክር ናቸው። ግን የተሠራው ለዘለቄታው ድሃ ለሆነው ቤተሰብ ነው። ትናንት ደመወዝተኛ የነበረ፣ ዛሬ ሦስት ወር ብቻ የሚያሻግረው ያጣ ሰው አይመለከተውም። የሚመለመለው ደግሞ ነዋሪው በሚታወቅበት ወረዳ ነው፤ በየዓመቱ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሰፈር የሚቀይረውን ተከራይ የትኛው ወረዳ ያውቀዋል?

አሁን ግን ያውቀዋል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአዋጅ 1320 የተመዘገበው ውል ተከራዩ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ስንት እንደሚከፍል ይናገራል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ አሠሪው በየወሩ 11 ከመቶ፣ እሱ 7 ከመቶ ለጡረታ ያስገቡለታል። 8,000 ብር ደመወዝ ለነበረው ሰው ይህ በወር 1,440፣ በአምስት ዓመት 86,400 ብር ነው። ለእርጅና የተቀመጠው ይነካ ማለት አይደለም። ግን መዋጮው የቆመበት ወር ይታወቃል። «ሥራ ያጣውን በምን እናውቃለን፣ ሁሉም ሥራ ፈታሁ ይላል» የሚለው ሰበብ በእነዚህ ሁለት መዝገቦች ፊት አይቆምም። መዝገብ የሌለው የቀን ሠራተኛ ይቀራል፣ እሱን ሴፍቲኔት ድሆችን በሚመለምልበት መንገድ ማጣራት ይቻላል። ሥራው ይከብዳል፣ የማይቻል ግን አይደለም።

ገንዘቡስ? ውሉ ሲመዘገብ የኪራይ ገቢ ግብሩም አብሮ ይታያል። ከዚያ ግብር ጥቂቱ በአንድ ፈንድ ይቀመጥ። ሥራውን ላጣ ተከራይ ለሦስት ወር የኪራዩን ግማሽ በቀጥታ ወደ አከራዩ የባንክ ሒሳብ ያስገባ። ተከራዩ በእጁ አይቀበልም፣ አከራይዋም አስቤዛዋ አይጎድልም። ድጋፉ ባለበት ጊዜ ማስወጣት ይከልከል። ክልከላው የግድ ነው። እንግሊዝ ብዙ ዘመን የቤት ድጎማ እየከፈለች እንኳ አከራዮች «ድጎማ ተቀባይ አንቀበልም» ብለው ይለጥፉ ነበር፣ በዮርክ ከተማ ያለ ፍርድ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. አድልዎ ነው ብሎ እስኪወስን ድረስ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለኢትዮጵያውያን ሁሉ መኖሪያ ቤትና ማኅበራዊ ዋስትና እንዲዳረስ ፖሊሲ ይነደፍ ይላል። «አቅም በፈቀደ» የሚለው ሐረግ ሠላሳ ዓመት መደበቂያ ሆኗል። የኪራይ ግብር ለመሰብሰብ አቅሙ ተገኝቷል። የከተማው ምክር ቤት የሚቀጥለውን በጀት ሲያጸድቅ፣ ከዚያው ግብር ላይ ለሥራ አጥ ተከራይ የተያዘች አንዲት መስመር አለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ የጉለሌ ተመራጭ ይነሳ።