ድሩ የቱ ነው? ማጉስ?

እኛ የሥራው ወዳጅ፣ የሠሪው ጠላት ነን። ጋቢውን ተከናንበን የሸመነውን ሰው «ቁጢት በጣሽ» እንላለን። በማረሻ የታረሰውን እየበላን ማረሻውን የቀጠቀጠውን «ቡዳ» ብለን እናማለን። በጀበናዋ የፈላውን ቡና እስከ በረካ እንጠጣና ጀበናዋን የሠራችው ሴት ልጅ ለልጃችን ስትታጭ ሽማግሌ ልከን እናፈርሳለን። አይ የኛ ነገር!

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን ጡረታ አልወጣም። ከረባት አስሮ ቢሮ ገባ እንጂ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው ሲባል፣ ከየአፉ ቀድሞ የወጣው «እንግዲህ የወደቀው ቴክኒክና ሙያ ይግባ» የሚል ነበር። ልብ በሉልኝ፣ «የወደቀው» ነው የተባለው። እንጨት መጥረብ፣ ብረት መበየድ፣ ልብስ መስፋት የቅጣት ቦታ ሆኑ። ልጁን «ካላጠናህ እጅህ ሥራ ይማራል» ብለን እያስፈራራን አሳድገን፣ ሲያድግ «የአገራችን ወጣት ሥራ ይንቃል» ብለን ሴሚናር እንጠራለታለን።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት «እንደ ድርና ማግ» የሚል ሐረግ በተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ያላገኘሁበት ሴሚስተር አልነበረም። ፍቅረኞች ድርና ማግ፣ ሕዝቦች ድርና ማግ፣ ቅርጽና ይዘት ሳይቀሩ ድርና ማግ! አንድ ቀን «ለመሆኑ ድሩ የቱ ነው? ማጉስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ግማሾቹ ለበዓል የሽሮ ሜዳ ጥበብ የሚለብሱ ናቸው። ዝም አሉ። አንዱ «ድር የሸረሪት ነው» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን ሊያወጣ ብሎ መለስ ሲያደርግ አየሁት።

ከክፍል በኋላ ቢሮዬ መጣና አንድ በአንድ ነገረኝ። ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣለታል። በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል። ድር ማለት አስቀድሞ በቁመት የሚወጠረው ነው፤ ጉተታውን ሁሉ የሚችለው እሱ ስለሆነ ጠንካራ መሆን አለበት፣ ለዚህም ነው ዛሬ ዛሬ ብዙው ሸማኔ ለድሩ የፋብሪካ ክር የሚገዛው። ማጉ ቀሰም ላይ ተጠቅልሎ በመወርወሪያ እየተወረወረ ድሩን አግድም የሚያቋርጠው ነው፤ የሸማው ልስላሴና ሙቀት ከእጅ ፈትሉ ማግ ይመጣል። ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ በእግሩ ይረግጣል፣ በእጁ ይወረውራል፣ በዓይኑ ጥለት ይቆጥራል። (ይህን ሁሉ በአንዴ የሚያደርገውን ሰው ነው እንግዲህ «ያልተማረ» የምንለው።)

«ታዲያ ክፍል ውስጥ ለምን አልመለስክም?» አልኩት።

«መምህር፣ የሸማኔ ልጅ መሆኔ ይታወቅብኛላ» አለኝ።

ይህን ስጽፍ «ሰውየው ወደ ኋላ ሊመልሰን ነው» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። የለም ጎበዝ! እናቶቻችን በወፍጮ ድንጋይ ላይ ጎብጠው ቀርተዋል። የእጅ ወፍጮ ይመለስ የሚል ካለ ራሱ ተንበርክኮ ይፍጭ። የእኔ ጠብ ከሞተር ጋር አይደለም፤ ዕውቀትን በሠሪው ትውልድ ሚዛን እየመዘነ ከሚጥለው ትዕቢት ጋር ነው። የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ መታጠኑ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ተሐዋስያንን ስለሚገታ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል። ይህን የምታውቀው ሴትዮ ግን «ልማዳዊ» ትባላለች፤ ያንኑ ጠይቋት የጻፈው ደግሞ «ተመራማሪ»።

ደግሞስ የዘመናዊነታችን ገመድ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ አላየንም እንዴ? በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የተጀመረው ጦርነት ትግራይን ከመብራት፣ ከስልክና ከባንክ ለረጅም ጊዜ ሲቆርጣት፣ የባንክ ደብተር ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። ሩቅ ሳንሄድ አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ከነሊጡ ይቀመጣል። ከሰል የማያያዝ ችሎታ ቢኖረውም ማያያዣ ቦታ አልተሠራለትም።

ባህላዊ ምግብ ቤት ግቡማ፦ ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ እንዝርቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ተቀምጦ ክትፎ የሚያዝዘው የግብርና ምሩቅ የትኛው ሞፈር፣ የትኛው ድግር እንደሆነ ጠይቁት። ዕቃውን እንደ ሬሳ ሰቅለን ፎቶ እንነሳበታለን።

ያ ልጅ ካነጋገረኝ በኋላ፣ አንድ ሸማኔ መጥቶ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሙያውን እንዲያሳይ፣ የእንግዳ መምህር አበልም እንዲከፈለው ለሚመለከተው ክፍል አመለከትኩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሐሳቡን ወደውታል። ቅጹ ላይ ግን «የትምህርት ደረጃ» የሚል ሣጥን አለ። ባዶ ይለፍ አልኩ፤ አይቻልም። «አርባ ዓመት የሸመነ» ብለን እንሙላው አልኩ፤ ሳቁ። በመጨረሻ ጸሐፊዋ «ማንበብና መጻፍ» ብላ ሞላችው። ሸማኔው መጥቶ አንድ ሰዓት ተኩል አስተማረ፤ አበሉ «ከዲግሪ በታች ስለሆነ» ተብሎ አልተፈቀደም።