የማትወልድ ከተማ፣ የማይቆጥር መንግሥት

ሰሞኑን ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ለቡና ተቀምጠን ነበር። አንደኛው ከአሥር ዓመት የውጭ አገር ኑሮ በኋላ የተመለሰ ነውና፣ ሰፋፊውን የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌቱን መስመር፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራውን መብራት አድንቆ ሊጠግብ አልቻለም። ሁለተኛው ፊቱን አጨፍግጎ ቆየና «ከተማችን በመጤ ተጥለቀለቀች፤ የአዲስ አበባ ልጅ የሚባለው እያለቀ ነው» ሲል ደመደመ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንዲት ከተማ መሆኑን ለማመን ይቸግራል። እኔ በአንዳቸውም አልተስማማሁም፤ ያን ዕለት ግን ጨዋታ ላለማደፍረስ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ሲያንገበግበኝ ሰነበተና እነሆ እዚህ አወጣዋለሁ።

በመጀመሪያ «መጤ» ስለምትለዋ ቃል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩና ቦታውን አዲስ አበባ ሲሉት ምድሩ ባዶ አልነበረም። ፍንፍኔ ብለው የሚጠሩት ኦሮሞዎች ከብት የሚያሰማሩበትና የሚያርሱት አገር ነበር። ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን ዛሬም ስማቸው አለ። ይህን የሚክድ ሰው ስለ ከተማዋ ታሪክ ባያወራ ይሻለዋል። ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩት መኳንንትና ጭፍሮቻቸው መጤዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ በኋላ የደረሰውም ሁሉ እንዲሁ። ደጃች ውቤ ሰፈር ሲባል የሰፈረ ጦር አለ ማለት ነው። ሠራተኛ ሰፈርን የእጅ ባለሙያዎች፣ ዶርዜ ሰፈርን ከጋሞ ደጋ የወረዱ ሸማኔዎች አቀኑት። ካዛንችስ እንኳ ስሟን የወረሰችው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። እንግዲህ «መጤ» የሚለው ወዳጄ አያቱ ከየት እንደመጡ ጠይቄው ነበር፤ ከመንዝ መሆኑን ሳያፍር ነግሮኛል።

ቁጥሩም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1976ቱ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። ከነዋሪው ግማሽ የሚጠጋው የተወለደው ከከተማዋ ውጭ ነው። ሴቱ ከወንዱ ይበልጣል፤ በየቤታችን ጓዳ የሚያድሩትን፣ ከገጠር በአሥራ ምናምን ዓመታቸው የመጡትን የቤት ሠራተኞች የሚያስታውስ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ይሁንና ያ ወዳጄ ሳያውቀው አንድ እውነት ተናግሯል። የአዲስ አበባ ልጅ በእርግጥ እያነሰ ነው፤ ምክንያቱ ግን መጤው አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.9 ልጅ መሆኑን አሳየ። በ1997 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 1.4 ወረደ። በ2003 ዓ.ም. 1.5፣ በ2008 ዓ.ም. 1.8 ሆነ። አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት 2.1 ያህል ያስፈልገዋል። በዚያው በ1997 ዓ.ም. የአገሪቱ አማካይ 5.4 ነበር። ልብ በሉ፣ ከጣሊያንና ከጃፓን ጋር የሚሰለፍ የወሊድ መጠን ነው፤ ያውም የእነርሱን ሀብት ሳይዝ። አዲስ አበባ ከገጠር የሚመጣ ሰው ባይኖራት ኖሮ ውሎ አድሮ እየጠበበች የምትሄድ ከተማ ነበረች። ሚሊዮኖችን የምትጨምረው ከወላዶቿ ማሕፀን ይልቅ በአውቶቡስ ተራ በኩል ነው።

ለምን? የዘርፉ ባለሙያዎች ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች መካከል ዘግይቶ ማግባት፣ ሥራ ማጣትና የቤት እጦት ይገኛሉ። ትምህርትና የወሊድ መቆጣጠሪያም አሉበት፤ ሴት ልጅ የምትወልደውን ቁጥር ራሷ ብትወስን ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። ነገር ግን ፈልጎ ሁለት መውለድና ፈልጎ አንድም ማጣት ለየቅል ናቸው። እኔና ባለቤቴ ከተጫጨን በኋላ ስድስት ዓመት የፈለግነው ካህን ወይም አዳራሽ አልነበረም፤ በር ያለው አንድ ክፍል ነበር። እኔ ከእናቴ ጋር፣ እርሷ ከሦስት ወንድሞቿ ጋር እያደርን ጠጉራችን ሸበተ። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ አርባ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ ነበር፤ ሁለተኛ የለንም። የጓደኞቼን ቤት ስቆጥር ታሪኩ ያው ነው። ይህችን ከተማ ያመከናት የቤት ኪራይ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የቤቱ ነገር ደግሞ ሥሩ ረጅም ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ብዙ ሕዝብ ከባለ ርስት ጭሰኝነት ተላቀቀ፤ ኪራይም ቀነሰ። አዋጁን የምረግም ሰው አይደለሁም፤ ያደግሁት በቀበሌ ቤት ነው። ነገር ግን የቀበሌ ቤት ኪራይ በሳንቲም ቀርቶ፣ የሚያድሰው ባለቤት ሳይኖረው፣ ጭቃው እየፈረሰ ጣራው እየዛገ ኖረ። በ1986 ዓ.ም. ሊዝ መጣ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት የመሬቱ ብቸኛ ባለቤት፣ ብቸኛ ሻጭ፣ የዋጋው ተቆጣጣሪ፣ ክርክር ሲነሣም ዳኛ ሆነ። ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በመካከላቸው ያለው «ና» በሥራ ላይ ሲውል አይቼ አላውቅም። መሬት ውድ በሆነ ቁጥር ሻጩ ይጠቀማል፤ ሻጩ ደግሞ ርካሽ ቤት ላቀርብላችሁ ቃል ገብቻለሁ የሚለው ራሱ ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ተሠራ፤ ይህን ማንም ሊክደው አይገባም፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቤተሰብ ጣራ አግኝቷል። በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው ምዝገባ ግን ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። በ1999 ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ሰው በነበረባት ከተማ ማለት ነው! ብዙዎቹ ከደመወዛቸው እየቆረጡ ለዓመታት ቆጠቡ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ በኮምፒዩተር ሥርዓቱ ላይ ማጭበርበር ተፈጽሟል ተብሎ ተሰረዘ። በዚያ ምዝገባ በሠላሳ ዓመቱ የተሰለፈ ሰው ዛሬ ከአርባ አልፏል። ይህ ሰው ለምን አልወለድክም ተብሎ ይጠየቃል?

ወደ መጀመሪያው ወዳጄ ልመለስ፤ ስለ መንገዱና ስለ መብራቱ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢዋ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ በኮሪደር ልማት ስም ፈረሱ። ስለ አሮጌ ሰፈር ሲነሣ አንዳንዶቻችን ዓይናችን እንባ ያቀርራል፤ ናፍቆት ደግሞ መጸዳጃ ቤት የለውም። ስምንት አባወራ በአንድ ጉድጓድ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ አድጌአለሁ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይገባ ነበር፤ እሳት ቢነሣ መኪና የሚያስገባ መንገድ አልነበረም። ያ ቤት አይፍረስ ብሎ የሚሟገት ሰው እዚያ አድሮ አያውቅም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ፈርሶ ሲሠራ የሚገባበት ማን ነው? የወጣውስ የት ደረሰ?

የወጣውን አንድ ሰው ላሳያችሁ። ልደታ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሲፈርስ አክስቴ ሠላሳ ዓመት ከኖሩበት ቀበሌ ቤት ወጡ። ተስፋ አልቆረጡም፤ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ። አክስቴ የሚተዳደሩት እንጀራ ጋግረው ለሰፈሩ ምግብ ቤቶችና ለመንግሥት ሠራተኞች በመሸጥ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በእንጨት አይጋገርም፤ ኤሌክትሪኩ ይጠፋል፤ ደንበኞቻቸው ከተማው ማዶ ቀሩ። የታክሲው ሒሳብ ትርፉን በላው፤ በየወሩ ለባንክ የሚከፈለው ዕዳም አልታገሠም። በሁለተኛው ዓመት ቤቱን ለአንድ ወጣት ባልና ሚስት አከራዩና በኪራዩ ዕዳውን እየከፈሉ፣ ራሳቸው ሜክሲኮ አቅራቢያ በአንድ ግለሰብ ጓሮ የጭቃ ክፍል ተከራዩ። ዛሬም እዚያው ናቸው። በመዝገብ ላይ ግን አክስቴ ከድህነት ወጥተው የቤት ባለቤት የሆኑ የልማቱ ተጠቃሚ ናቸው።

እድራቸውም ተበተነ። መቶ ሃያ አባል የነበረው እድር ከፊሉ ጀሞ፣ ከፊሉ ገላን፣ ከፊሉ የካ አባዶ ገባ። አንድ ጊዜ ሰው ሲሞት ድንኳኑ በአንደኛው ጫፍ፣ አልጋውና ብረት ድስቱ በሌላው ጫፍ ስለነበሩ ለቀስተኛው ከዕቃው ቀድሞ ደረሰ። የከተማ ፕላን አውጪዎች እድርን በካርታቸው ላይ አያገኙትም፤ ስለዚህ ሲያፈርሱት አይታወቃቸውም። ድሃ ሲታመም የሚያበድረው፣ ሲሞት የሚቀብረው፣ ልጁ ስትጠፋ የሚያፈላልገው ድርጅት እርሱ ነው። ለፈረሰ ጭቃ ቤት ምትክ አለ፤ ለፈረሰ እድር ምትክ የሚሰጥ አንቀጽ በየትኛውም መመሪያ አላነበብኩም።

ያ ጀሞ የሚባለው ቦታ ደግሞ ከፎቁ በፊት የእርሻ መሬት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ለዘለቄታው የተነሣ ገበሬ ከንብረቱ ግምት በተጨማሪ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣ የአማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ወደ አሥራ አምስት እጥፍ አሳደገው። የሚታሰበው የጤፉ ዋጋ ነው፤ የመሬቱ አይደለም። ያው መሬት ሊዝ ሲሆን በአንድ ካሬ ሜትር አሥር ሺዎች ብር ሲጠራበት ገበሬው አጥር ሥር ቆሞ ይሰማል። ብሩ ሲያልቅ በገዛ እርሻው ላይ ዘበኛ ወይም ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆኖ ተቀጠረ። የገበሬው ልጅ ቢቆጣ ይፈረድበታል? በሚያዝያ 2006 ዓ.ም.፣ በኋላም በኅዳር 2008 ዓ.ም. በተቀናጀው ማስተር ፕላን ምክንያት የተነሣው ተቃውሞ ደም ካፈሰሰ በኋላ ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ ተባለ። በ2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ያው ቁስል አመረቀዘ።

እዚህ ላይ ነው ፖለቲከኞቻችን የሚገቡት። ለአክስቴ «ቤትሽን የነጠቀሽ ያ ዘር ነው» ይሏታል። ለገበሬው «መሬትህን የወሰደብህ ያ ዘር ነው» ይሉታል። ሁለቱን ያፈናቀላቸው አንድ የመሬት ሥርዓት መሆኑን፣ አንዲቷን ከመሐል ወደ ዳር፣ አንዱን ከዳር ወደ ምንም የገፋቸው ይኸው ሥርዓት መሆኑን ማንም አይነግራቸውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በከተማዋ ላይ ልዩ ጥቅም አለው ሲል ዝርዝሩን ሕግ ይወስነዋል ብሎ ተወው። በ2009 ዓ.ም. ረቂቅ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። ጥቅሙ ለገበሬው ልጅ የሥራ፣ የትምህርት ቤት፣ የካሣ ጥቅም ነው ተብሎ በግልጽ ቢጻፍ እኔ ቀድሜ እፈርማለሁ። ሳይጻፍ የቆየው ግን ያልተጻፈ ጥያቄ ለምርጫና ለጩኸት ስለሚመች ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። በ2015 ዓ.ም. በከተማዋ ዙሪያ የሸገር ከተማ ሲመሠረት ብዙ የጨረቃ ቤቶች ፈረሱ፤ ከመሐል ተገፍቶ የወጣው ድሃ ከዳርም ተገፋ።

ይህ ሁሉ ክርክር የሚካሄደው ስንት መሆናችን ሳይታወቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው በ2010 ይደረጋል ተብሎ ተላለፈ፤ በ2011 ዳግም ተላለፈ፤ ከዚያ ወዲህ አገሪቱ በጦርነት ታመሰች፤ ቆጠራውም ተረሳ። የራሳችን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ትንበያ በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ሕዝብ ወደ 4 ሚሊዮን ያደርሰዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ5 ሚሊዮን በላይ ነው። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በሁለት ወረቀቶች መካከል ጠፍቷል! የውሃ ቧንቧው፣ የትምህርት ቤቱ ወንበር፣ የጤና ጣቢያው አልጋ የሚመደበው በየትኛው ቁጥር ነው? ሰውን ከመሐል ከተማ በሳምንታት ውስጥ ማንሣት የሚችል መንግሥት ሰውን መቁጠር እንዴት አቃተው? የኔ ግምት እንዲህ ነው፦ ቁጥሩ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየትኛው ብሔር ስንት» የሚል ይሆናል፤ መልሱን የማይፈራ ወገን የለም። ስለዚህ ሁሉም አለመቆጠርን መረጠ፤ ስንት ሰው ቤት እንደሌለው፣ ስንቱ ተነሥቶ የት እንደገባ፣ ስንቱ ከገባበት እንደወጣም አብሮ ተሸፈነ።

ባለፈው እሑድ አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ይህንኑ ሳወራላቸው ምጣዱን እያሰሱ በጥሞና አዳመጡኝ። «እና ልጄ፣» አሉኝ፣ «ቆጣሪዎቹ የመጡ ቀን እኔን የት ይጽፉኛል? ባለቤት ነሽ ካሉኝ ጀሞ ነው፤ የማድረው እዚህ ነው። ሁለቱም ጋ ይቆጥሩኛል፣ ወይስ ሁለቱም ጋ ይዘሉኛል?»

ያደሩበት ሌሊት የት እንደሆነ ይጠይቁዎታል አልኳቸው። «ባለቤትየው በጓሮው ተከራይ አለ ብሎ እንዳይናገር ነው እንጂ፤ ግብር ይፈራል» አሉና እንጀራውን አወጡ።