ተሽከርካሪው አክሲስ ከጠረጴዛ ሥር ለምን ይቀመጣል?

በምሕንድስና ተማሪዎች ወርክሾፕ አንድ ዕቃ በላስቲክ ተሸፍኖ ከጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። ዕቃው አራት ጓደኞቻችን በእጃቸው የሠሩት፣ በኮምፒዩተር ለሚታዘዘው ሚሊንግ ማሽን የሚጨመር ተሽከርካሪ አክሲስ ነው። ኩሽኔታው ከአሮጌ ማሽን የተፈታ፣ ዘንጉ በቶርኖ የተቈረጠ፣ ሞተሩም ከተማሪ ኪስ በወጣ ገንዘብ የተገዛ ነው። በማሽኑ ላይ እንዳይገጠም የተሰጠው ምክንያት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ፋብሪካ አልሠራውም የሚል ነው።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። «እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ዕቃውን ካየነው በኋላ ግን ዝም ማለት አልሆነልንም።

ማሽኑ የሚያውቀው ሦስት መንገድ ነው፤ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች። ጠፍጣፋ ብረት ለመቅረጽ ይህ ይበቃል። የአንድ ወፍጮ ጥርስ ተሰብሮ አዲስ ይቈረጥ ሲባል ግን ክቡ ብረት ለእያንዳንዱ ጥርስ መዞር አለበት፤ በእጅ እየፈቱ ማዞርም ስሕተትን በስሕተት ላይ መከመር ነው። ተሽከርካሪው አክሲስ ብረቱን ይዞ በትእዛዝ ያዞረዋል። ሞተሩ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ200 እርምጃ ነው፤ ጠመዝማዛው ቪት ባለ 90 ጥርስ ጎማ ሲነዳ ግን የብረቱ አንድ ዙር 18,000 እርምጃ ይሆናል፤ አንዱም እርምጃ 0.02 ዲግሪ ነው። ባለ 37 ጥርስ ጎማ ቢፈለግ 360 ለ37 እኩል አይካፈልም፤ ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ጥርስ ከመነሻው ስለሚያሰላው ትርፍራፊው አይጠራቀምም።

የሚያሠጋ ነገር የለም አንልም። በቪቱና በጥርሱ መካከል ክፍተት ካለ መቊረጫው ሲገፋው ብረቱ ይነቃነቃል። የ0.1 ዲግሪ ክፍተት ከመካከሉ 50 ሚሊሜትር በራቀ ቦታ 0.09 ሚሊሜትር ያህል ስሕተት ያመጣል። ነገር ግን ይህ የሚለካ ነገር ነው። ከበዛ ይስተካከል፤ ካልተስተካከለም አይገጠም። እኛን ያስቈጣን ሳይለካ መፈረዱ ነው።

ለመሆኑ ይህ ፍርድ ከየት መጣ? ባገራችን ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ፣ ጠይብ እየተባለ ስንት ዘመን ኖሯል! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዛሬ የተማረው ክፍል ቡዳ አይልም፤ «የፋብሪካ አይደለም» ይላል እንጂ። ከእኛም ፋኩልቲ እጁን ግራሶ የነካው ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ የሚገላምጥ አለ፤ ያው ሰው ማታ ስለ ሰፊው ሕዝብ ንግግር ያደርጋል።

በውጭም አገር ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማሽንን በቊጥር የማዘዝ ሥራ በአሜሪካ አየር ኃይል ገንዘብ ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ ታየ። የታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ኖብል እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው መጽሐፍ እንደ ተከራከረው፣ የሠራተኛውን የእጅ እንቅስቃሴ በቴፕ ቀርጾ ማሽኑን በዚያው የሚያስኬድ ሌላ መንገድም ነበረ፤ የተተወውም በቴክኒክ ጒድለት ብቻ ሳይሆን፣ አሠሪዎች ሥልጣኑን ከወርክሾፕ አውጥተው ወደ ቢሮ ሊወስዱት ስለ ፈለጉ ነው። ሁሉን ባንቀበለውም ጥያቄው ጥያቄያችን ነው፤ ማሽኑን የሚያዝዘው ማነው? ዛሬ ሊነክስ ሲኤንሲ የተባለው ፕሮግራም፣ መነሻው የአሜሪካ መንግሥት የልኬት ተቋም ሥራ ሲሆን፣ ለማንም በነጻ የተሰጠ፣ እስከ ዘጠኝ አክሲስ የሚያዝዝ ነው። ጓደኞቻችንም የጫኑት እርሱን ነው። ታዲያ የተቈለፈው ምኑ ነው? የወርክሾፑ በር ብቻ!

«ከውጭ ተገዝቶ እስኪመጣ ጠብቁ» ተብሏል። ይምጣ፤ አንጠላም። እስኪመጣ ግን እነዚህ ልጆች ተመርቀው ይሄዳሉ፤ የሚመጣውንም ፈትቶ የሚጠግን አይኖርም።

ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ዕቃው ይገጠም፤ ባለ 37 ጥርስ ጎማ በሕዝብ ፊት ይቈረጥ፤ የመጨረሻው ጥርስ ከመጀመሪያው ጋር በትክክል መገናኘቱ በመለኪያ ይታይ። ብረቱን ጓደኞቻችን አዘጋጅተዋል። ቊልፉ ያለው በኃላፊው ዘንድ ነው።