የጳጉሜ ትኬት ወደ መስከረም እንዳይዛወርብን፤ ከላምበረት የቀረበ አቤቱታ

ለትኬት መቁረጫ ሶፍትዌሩ አቅራቢ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ የቀንና የሰዓት አቆጣጠሩ እንዲታረም ስለመጠየቅ

እኔ ላምበረት መናኸሪያ ለሚሠሩ የትኬት ቢሮዎች ኮምፒውተር የምጠግን ባለሙያ ነኝ። በቃል ያመለከትነው መልስ ስላጣ በጽሑፍ ለማመልከት ተገድጃለሁ።

ሶፍትዌራችሁ የተጻፈው ከጃቫ 8 በፊት በነበረ ጃቫ ነው። ቀን የሚያነበው ሲምፕል ዴት ፎርማት፣ ካልከለከሉት በቀር፣ የሌለ ቀን ሲሰጡት አሸጋሽጎ ይቀበላል። ሠራተኛዋ ለደሴ ተሳፋሪ 30/02/2018 ስትጽፍ ጥቅምት 30 ማለቷ ነው። ማሽኑ ግን ፌብሩዋሪ ያደርገውና 02/03/2018 ብሎ ያትማል፤ ኅዳር 2 መሆኑ ነው። ተሳፋሪው በቀጠሮው ሌሊት ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ ስሙ ከመዝገቡ የለም።

ጳጉሜ ይብሳል። 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜ 3 ቀን 2017ን መስከረም 3 ቀን 2018 ያደርገዋል፤ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ። አንዲት እናት ለልጅ ልጆቻቸው የገዙትን ልብስ በፌስታል ይዘው፣ መስኮቱ ሥር ቆመው ትኬታቸውን ደጋግመው ሲያሳዩ አይቻለሁ። ቀን አሳስተዋል ተብለው ተወቀሱ። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም።

ሌሎቹ ወራት 30 ቀን ስለሚችሉ ስሕተቱ ዓመቱን ሙሉ ተደብቆ ይኖራል። «የሠራተኞቻችሁ ጥፋት ነው» የምትሉንም ለዚሁ ይመስለኛል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሣውም መኪና 05:00 ተብሎ ይታተማል፤ ረፋድ 5 ሰዓት መስሎት የሚቀር አለ።

ማሸጋሸጉን የሚፈቅደውን፣ ሴት ሌኒየንት የተባለውን መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ ያን ጊዜ ጳጉሜን ጨርሶ መሸጥ አይቻልም። ጆዳ ታይም የተባለው ነፃ ላይብረሪ ግን ጃቫ 8 እ.ኤ.አ. በ2014 ከመውጣቱ በፊት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዞ ነበር። ጃቫ 8 ራሱ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሒጅራን ሲያካትት የእኛን ተወው፤ እርሱም ስሪቴን ኤክስትራ በተባለ ላይብረሪ ይገኛል። ሁለቱም በነፃ ስለሚገኙ ወጪን ምክንያት ማድረግ አይቻልም።

ስለዚህ የዘንድሮው ጳጉሜ ሳይደርስ እርማቱ እንዲሠራ፣ በትኬቱ ላይ የወሩ ስም በፊደል፣ ሰዓቱም «ከሌሊቱ» ወይም «ከቀኑ» ተብሎ እንዲጻፍ፣ የተጉላሉ ተሳፋሪዎች ገንዘብ በድርጅቱ ወጪ እንዲመለስ በትሕትና እጠይቃለሁ። እስኪታረም ድረስ የጥቅምት 29ና 30ን፣ የጳጉሜንም ትኬት ሠራተኞቹ በእጅ እንዲቆርጡ መክሬያቸዋለሁ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ላምበረት፣ አዲስ አበባ