አላዮን የነጻ ጉልበት አይደለም

በማዕከላዊ ፊሊፒንስ ደሴቶች ስለሚኖሩት የቢሳያ ሕዝቦች የገጠር መረዳዳት ሲነሣ፣ ብዙዎች ነገሩን ለተፈጥሯዊ ደግነታቸው ይሰጡታል። ይህ ውዳሴ ተወዳሾቹን የሚጎዳ ይመስለኛል። በሴቡ አላዮን፣ በፓናይ ዳግያው፣ በሌይቴ ቲክሎስ የሚባለው ልማድ የቆመው በመመላለስ ላይ ነው። ጎረቤቶች ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ያርሳሉ፣ ይዘራሉ፣ ያጭዳሉ፤ የእኛ ገበሬ ወንፈል የሚለው ዓይነት ነው። በኮረብታማው ሴቡ ስስ አፈር ላይ በቆሎ የሚዘራ ደሃ ገበሬ ዝናብ ሲጥል ሠራተኛ የሚቀጥርበት ገንዘብ የለውም። ያለው ጉልበቱ ነው፤ እሱን ለጎረቤቱ ያበድርና የራሱ ቀን ሲደርስ ያስመልሳል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለውን ማንም ባይመዘግበውም መንደሩ አይረሳውም። ዳዮንግ የሚባለው የለቅሶ መረዳጃም እንደ ዕድር በዚሁ መንገድ ይሠራል፦ ዛሬ ለሟች ቤተሰብ ያዋጣ፣ በእሱ ቤት ሐዘን ሲገባ ይዋጣለታል።

ይህ መመላለስ ሲቀር ምን እንደሚተርፍ የስፔን ዘመን አሳይቷል። ቅኝ ገዥው ከ16 እስከ 60 ዓመት ያሉ ወንዶችን በዓመት 40 ቀን ለመንገድ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመርከብ እንጨት ያሠራ ነበር፤ ግዳጁ ወደ 15 ቀን የወረደው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። በዚያም ሰዎች በጋራ ሠርተዋል፤ ጉልበታቸውን የሚመልስላቸው ግን አልነበረም። ስለዚህ ዛሬም ባለሥልጣን «በባህላችን መሠረት» ብሎ ሰው ለነጻ ሥራ ሲጠራ፣ ብድሩን ማን ይከፍላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ገንዘብ ልማዱን ገደለው የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2013 ሀያን የተባለው አውሎ ነፋስ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ከገደለ በኋላ፣ በሌይቴዋ ታክሎባን ከተማ ፍርስራሽ ለሚያነሡ ነዋሪዎች ጹ ቺ የተባለው የታይዋን በጎ አድራጎት ድርጅት በቀን 500 ፔሶ ከፍሏል። እንዲህ ያለው ክፍያ መረዳዳትን ያበላሻል የሚለውን ስጋት አልቀበለውም። አላዮን የሚሠራው ችግር ተራ በተራ ሲመጣ ነው። የሁሉም ቤት በአንድ ሌሊት ሲፈርስ ለጎረቤቱ የሚያበድረው ትርፍ ጉልበት ያለው ሰው አይገኝም፤ ያኔ እርዳታው ከውጭ፣ ለዚያውም በገንዘብ መምጣት ነበረበት።

የሚከብደው ሌላኛው ተቃውሞ ነው። መሬት የሌለው ሰው በባለ መሬቱ ማሳ የዋለበትን ቀን በምን ያስመልሳል? ጎጆ ሲሠራ ወይም ሐዘን ሲደርስበት ከጎረቤቶቹ ጥቂቱን ያገኝ ይሆናል። ነገር ግን የሀብት ልዩነቱ ሲሰፋ መመላለሱ የስም ብቻ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው። እንዲህ ባለበት ቦታ ልማዱን እየጠሩ ደሃውን በነጻ ማሠራት ግፍ ነው፤ የቀን ሒሳቡ ይከፈለው። መንግሥትም መንገድ ሲያሠራ እንደዚሁ ደሞዝ ይክፈል፣ አላዮንን ለመንደርተኞቹ ይተውላቸው።