ዜሮ ያልኩት አምስት ነበር

ዛሬ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። በራሴ ጥፋት ልጀምር።

አምና ከሳዑዲ ከእናቷ ጋር የተመለሰች ልጅ 9ኛ ክፍል ደረሰችኝ። በመጀመሪያው የሂሳብ ፈተና ከ10 ሦስት ሰጠኋት። ምንም ሳትል ወረቀቷን ተቀበለች። በማግስቱ እናቷ መጡና «መምህር፣ ልጄ አምስት ብላ የጻፈችውን ዜሮ ብለው አርመውባታል» አሉኝ። ለካ በዓረብኛ አጻጻፍ አምስት ክብ ነው፤ ስድስት ደግሞ የኛን 7 ይመስላል! እንደገና ሳርመው ስምንት አገኘች። በጣም አፈርኩ።

እሷስ እዚያ የተማረችበት ማስረጃ ነበራት። የ14 ዓመት ወንድሟ ማስረጃ ግን እናትየው ተይዘው ሲባረሩ እዚያው ቀረ። እዚህ ሲመጣ «ፊደል አይለይም» ተባለና 2ኛ ክፍል ከሕፃናት ጋር አስቀመጡት። «ዓረቡ» እያሉ ሲስቁበት በሦስተኛው ሳምንት ትምህርቱን ተወው። አሁን መናኸሪያ ነው የሚውለው። እናቱ ደላላ እንዳያገኘው ይፈራሉ። በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻግሮ በየመን የሚያልፈውን መንገድ የኛ ሰፈር ልጆች በደንብ ያውቁታል።

በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተባረው መጡ። ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልቆመም። ኤርፖርት ላይ ሲገቡ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ልጆቹ ከዚያ በኋላ የት ክፍል ገቡ ብሎ የጠየቀ ግን ስንቱ ነው?

እኔ የምለው አጭር ነው፤ ፊደል አለመለየት ማለት አለማወቅ ማለት አይደለም። ልጁ የሚችለውን መጀመሪያ በቁጥርና በቃል እንጠይቀው። ክፍል ውስጥ ከእኩዮቹ ጋር ይቀመጥ፣ ፊደሉን በተቃራኒ ፈረቃ ለብቻው ይማር። ቅጽል ስም የሚያወጡበትንም ዝም አንበል።

«60 ተማሪ ይዘን እንዴት አድርገን?» የምትሉ መምህራን አላችሁ። እውነት ነው፣ የኔም ክፍል እንደዚያው ነው። ግን ፊደል ማስቆጠር በጀት አይፈልግም። እህቱን አማርኛ ማንበብ ያስለመዳት እኔ አይደለሁም፤ አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት፣ በእረፍት ሰዓት።

ልጁን ለመመለስ ከትምህርት ቤቱ ጋር እየተነጋገርን ነው። ፊደሉን እኔ ላስቆጥረው ለእናቱ ቃል ገብቻለሁ። ችግሩ የኔ ዓረብኛ ከሰላምታ አያልፍም። ዓረብኛ የምትችሉ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።