ልጆቻችን ስንት ሰው አላቸው?



እንደሚታወቀው የማኅበራችን መዝገብ የሚቆጥረው አባወራና እማወራ ነው። ጎረምሳውና ኮረዳዋ «የቤተሰብ ብዛት» በሚለው ዓምድ በቁጥር ብቻ ይገባሉ። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ የወጣቶቹ ማኅበራዊ ኑሮ ይጠና ሲባል አንዳንድ አባላት «ስንቱ ኳስ ቡድን ውስጥ አለ፣ ስንቱ ክበብ ገብቷል፣ እሱ ይበቃል» ብለዋል። እኛ አይበቃም ባዮች ነን።

ምክንያታችንን እናስረዳ። ምሁራን «ማኅበራዊ ካፒታል» የሚሉት ነገር አለ። ቃሉ ያስፈራል እንጂ ነገሩን በእድራችን እናውቀዋለን፤ በችግር ቀን የሚጠራ ሰው፣ የሚታመን ጎረቤት ማለት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ጄምስ ኮልማን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡበትን ምክንያት ከዚሁ ጋር አያይዞ ጽፏል። ከጻፈው ውስጥ ልባችንን የነካው የልጅህን ጓደኞች ወላጆች ታውቃለህ ወይ የሚለው ነገር ነው። ወላጆች ከተዋወቁ ልጅን የሚጠብቀው ዓይን ይበዛል። ድሮ በሠፈራችን ይህን መጠየቅ ያስቅ ነበር፤ የማንም ልጅ ሲያጠፋ ያየው ሁሉ ይቆጣው ነበር እኮ። ዛሬ ተከራዩም፣ አዲስ ገቢውም፣ ነባሩም ተቀላቅሎ የፊት ለፊቱን በር የማያውቅ ሞልቷል።

ስለሆነም ልጆቹ ራሳቸው ይጠየቁ። ሌሊት ብትታመሚ ከቤትሽ ሰው ሌላ ማንን ትቀሰቅሻለሽ? የደብተር ብር ቢያጥርህ ማን ያበድርሃል? ቤት ውስጥ ጠብ ቢነሳ የት ታድራለህ? ከጓደኞችሽ ጋር ሳትፈሪ የምትቀመጪበት ቦታ አለ? ኳስ ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ ለነዚህ ሁሉ «ማንም የለኝም» ሊል ይችላል።

በየቤታችን የሚሠሩት ልጆችስ? እነሱ መዝገባችን ውስጥ በቁጥር እንኳ የሉም። በ2006 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም ከትምህርት ገበታ ውጪ ያሉ ልጃገረዶችን ያገኛቸው ቤት ለቤት በመዞር ነው፤ ከነሱም ውስጥ ከገጠር የመጡ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ታዲያ አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ እየሰማች የምትጠየቅ ልጅ «ሁሉም ደህና ነው» ከማለት ሌላ ምን ትላለች? ለብቻዋ ትጠየቅ። ይህን የማይፈቅድ አባል ካለ ምክንያቱን ለኮሚቴው ይንገረን።

ወጣት ይመዝገብ ሲባል የሚደነግጡ አባቶችና እናቶች አሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የልጅ ስም ወረቀት ላይ መስፈሩ ምን እንዳመጣ ያዩ ናቸውና አንፈርድባቸውም። ስለዚህ ስምም የቤት ቁጥርም አይጻፍ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ መልስ፤ አለቀ። የሚጠሩት ሰው ማን እንደሆነም አይጻፍም፤ አለ ወይም የለም ብቻ። ጠያቂውም የገዛ ጎረቤቱን ልጅ አይጠይቅ።

ጥናቱ ለይስሙላ እንዳይሆን «የለም» የሚለው መልስ ከበዛ አዳራሻችን በሳምንት ሁለት ከሰዓት ለልጆቹ ይከፈት የሚል ሐሳብ አቅርበናል። የሠርግ ኪራይ ገቢ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። አዎ፣ ይቀንሳል። ግን አዳራሹ የተሠራው በመዋጮ እንጂ ለንግድ አይደለም።

ጥያቄዎቹ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ተለጥፈዋል። ተቃውሞም ሆነ ማሻሻያ ያለው እስከ ወሩ መጨረሻ በጽሑፍ ያቅርብ፤ መጻፍ የሚያስቸግረው መጥቶ ይንገረን፣ እንጽፍለታለን። ለጠያቂነት በተለይ ሴቶች ያስፈልጉናል። እስካሁን የተመዘገቡት ሁለት ብቻ ናቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው